ምንጣፍ ታጠበ የሚባለው ሲደርቅ ነው

አያቶቻችን የቤታቸውን ወለል በእበት ለቅልቀው፣ በላዩ ጅባ ወይም ሰሌን አንጥፈው፣ በዓል ሲሆንም ቄጠማ ጐዝጕዘው ይኖሩ ነበር። የመንዝ ሰው ደግሞ ከበጉ ጠጕር የሠራውን ባና ያነጥፍና ይለብስ ነበር። ለእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። ማለዳ ከቤት ይወጣሉ፣ በዱላ ይራገፋሉ፣ በፀሐይም ይሰጣሉ፤ ቄጠማውም ከዋለና ካደረ ተጠርጎ ይጣላል። ዛሬ የጤና አጠባበቅ ትምህርት የሚያዝዘውን፣ ይኸውም አቧራን ማራገፍንና እርጥበትን ማድረቅን፣ እነርሱ በልማድ ይፈጽሙት ነበር ማለት ነው።

አሁን በቦሌና በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል የአኗኗሩ ሁኔታ ተለውጧል። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ሲሠራ ከከተማ ዳር የነበረው የቦሌ ሜዳ፣ ዛሬ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ጎሮና ሰሚት፣ ከቡልቡላም እስከ አራብሳ በቪላ፣ በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ተሞልቷል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ መቋቋሙም የሕዝቡን መብዛት ያስረዳል። በእነዚህ ቤቶች ሳሎን የሚነጠፈው በአብዛኛው ከውጭ አገር፣ በተለይም ከቱርክ የመጣ ወፍራም ምንጣፍ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን የመሰለ ከባድ ዕቃ በየማለዳው ተሸክሞ ወርዶ አያራግፈውም፤ ቢያወርደውም የሚያሰጣበት ግቢ የለውም።

ከዚህ የተነሣ ምንጣፍ ማጠብ ራሱን የቻለ ሞያ ሆኗል። አንዳንዱ ከመኪና ማጠቢያው፣ ሕዝቡ ላቫጆ ከሚለው ስፍራ፣ ጎን ለጎን ይሠራል፤ አንዳንዱም ማጠቢያ መኪናውን ይዞ እስከ ደንበኛው ቤት ድረስ ይሄዳል። ብዙ ወጣቶች እንጀራቸውን የሚያገኙበት፣ ብዙ ቤተ ሰብም የሚገለገልበት ሥራ በመሆኑ፣ በዚህ ወር እትማችን ስለ አስተጣጠቡ ዘዴና ስለ መሣሪያው ዋጋ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፣ ስለ ንጽሕና ለሌላው ስናስተምር በገዛ ቤታችን የሳትነውን እንናገር። አንድ የነሐሴ ወር፣ አዲሱ ዓመት ሳይገባ ቤታችን ይጽዳ ብለን የሳሎናችንን ምንጣፍ ለአጣቢዎች ሰጠን። በማግስቱ ተጠቅልሎ መጣልን። ከላይ በእጃችን ብንዳስሰው ደረቅ መሰለን፤ መልኩም አምሮ ነበር፤ መዓዛውም ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ደስ ብሎን አነጠፍነው፤ ሶፋውንም ጫንበት።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይጠነባ ጀመር። በአምስተኛው ሌሊት ትንሽቱ ልጃችን ትስል፣ ደረቷም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ወደ ሐኪም ወስደናት ሕመሟ በመድኃኒት ከቀለለላት በኋላ፣ ሐኪሙ ስለ ቤታችን ሁኔታ ሲጠይቀን ምንጣፉ ትዝ አለን። ወደ ቤት ተመልሰን ጠርዙን ብናነሣው ጀርባው እንደ ራሰ ነበር፤ ጥቁር ነቁጥም በየቦታው ወጥቶበታል። ሻጋታ ነበር። ምንጣፉን ለማጽዳት ስንል የልጃችንን ትንፋሽ ልናውክ ነበር ማለት ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

አጣቢዎቹን መውቀስ አይበቃም። እኛም ስንቀበል ያየነው ፊቱን እንጂ ጀርባውን አልነበረም።

ምንጣፍ የሚሸሽገው

ጫማ ያመጣው አሸዋ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈው ቅርፊት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የሕፃን ሽንት፣ የቡና ጠብታ ሁሉ በምንጣፉ ክር ሥር ይከማቻል። አሸዋው በእግር በተረገጠ ቍጥር ክሩን እየፈገፈገ ይበላዋል፤ ስለዚህ ምንጣፍን አብዝቶ የሚያስረጀው ደረቅ አቧራ ነው።

ከአቧራው ጋር ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ይኖራል። ከቅንቅን ወገን የሆነ፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታይ፣ የሰውን ቆዳ ቅርፊት የሚመገብ ተባይ አለ። ይህ ተባይ ሰውን አይነክስም፤ ነገር ግን ኵሱ ከአቧራ ጋር ተነሥቶ ሲተነፈስ አስም ላለበት ሰው ጭንቅ ነው። ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት ከአየር ስለሚስብ፣ በደረቅ ቤት እየመነመነ ይሞታል፤ በእርጥብ ቤት ግን ይራባል። ቁንጫም እንደዚሁ ዕጩ ከብርሃን ሸሽቶ በክሩ ሥር ያድጋል፤ ከዚያም ድር በመሰለ ሽፋን ተጠቅልሎ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ቁንጫ የገባበትን ምንጣፍ አንድ ጊዜ አጥቦ መተው አይጠቅምም፤ ለጥቂት ሳምንታት አቧራውን ደጋግሞ መምጠጥ ያስፈልጋል።

ሻጋታው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይጠብቃል። እርጥብ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መብቀል ይጀምራል። በሞያው ውስጥ ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

የአስተጣጠቡ ዘዴዎች

አንደኛው ደረቅ መምጠጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1901 ዓ.ም. በፊት ከነበሩት የጽዳት መኪናዎች አንዳንዶቹ አቧራውን በነፋስ እየገፉ ያስነሡ ነበር እንጂ አይሰበስቡትም ነበር። በዚያ ዓመት ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ነፋሱ ከሚገፋ ይልቅ ቢስብ ይሻላል ብሎ የአቧራ መምጠጫ መኪና ሠራ። መኪናው እጅግ ግዙፍ ስለ ነበረ በፈረስ ተጐትቶ ከቤቱ ውጭ ይቆምና ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። በማግስቱም ዓመት ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ መጫኛ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ በዚሁ መኪና ጸድቷል። ይህ ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው፤ ቈሻሻን መግፋትና ቈሻሻን ማውጣት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ማናቸውም እጥበት ከመጀመሩ በፊት ምንጣፉ ከፊቱም ከጀርባውም መመጠጥ፣ መምጠጫ ከሌለም ተንጠልጥሎ መራገፍ አለበት። ሳይራገፍ ውሃ የነካው አቧራ ጭቃ ይሆናልና።

ሁለተኛው በሚሽከረከር ብሩሽ በሳሙና አረፋ መፈተግ ነው። ላይ ላዩን በፍጥነት ያሳምራል፤ ሳሙናው በሚገባ ካልወጣ ግን በክሩ ላይ ይደርቅና የሚጣበቅ ይሆናል፤ ምንጣፉም ከቀድሞው ፈጥኖ ይቈሽሻል። ደንበኛው "ታጥቦ ወር አልቈየም" ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በደረቅ ዱቄት ማጽዳት ነው። በጥቂት ፈሳሽ የረጠበ ዱቄት በምንጣፉ ላይ ተነስንሶ በብሩሽ ይታሻል፤ ቈሻሻውን ከጠጣ በኋላ በመምጠጫ ይነሣል። ከወለሉ ጋር ለተጣበቀ የቢሮ ምንጣፍ የተሻለ ነው፤ ብዙ ለቈሸሸ ምንጣፍ ግን አቅሙ አይበቃም።

አራተኛው ሙቅ ውሃን እየረጩ ወዲያው መልሶ መሳብ ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ ይረጭና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቈያል፤ ከዚያ መኪናው ሙቅ ውሃ በክሩ ውስጥ እየረጨ በዚያው አፍታ ከነቈሻሻው ይስበዋል። በትክክል ከተሠራ ምንጣፉ በዚያው ቀን ይደርቃል።

አምስተኛው ምንጣፉን ወደ ማጠቢያ ስፍራ ወስዶ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። በአገራችን የበዛው ይህ ነው። በቱርክ አገር ባሉ ማጠቢያ ቤቶች ምንጣፉ ከታጠበ በኋላ ረጅም በርሜል በመሰለ መጭመቂያ ውስጥ ይገባና በኃይል እየተሽከረከረ ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ በኋላ ይሰቀላል። እኛ ግን ማጠቡን ስንወስድ መጭመቁን ትተነዋል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከጐበኘናቸው ማጠቢያዎች በአንዱ፣ ውሃ በኃይል የሚረጭ መኪና ይዞ የሚሠራ ወጣት አነጋግረን ነበር። ምንጣፉ መቼ እንደሚደርቅ ብንጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ባለቤቱ ማታ ይወስደዋል፤ የቀረው እቤቱ ይደርቅለታል" አለን። መጭመቂያ ወይም ውሃ መምጠጫ ለምን እንዳልገዙ ብንጠይቀው ደግሞ፣ "ግፊት ማሽኑን ስንገዛ ገንዘባችን አለቀ" ብሎ መለሰ። ወጣቱ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ስለዚህ ወደ ዋጋው እንሂድ።

መሣሪያው የሚያስወጣው ገንዘብ

እነዚህ መሣሪያዎች ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። በውጭው ገበያ ለሞያ ሥራ የሚሆን፣ ሙቅ ውሃ የሚረጭና የሚስብ ተንቀሳቃሽ መኪና ከ1,500 እስከ 4,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ያወጣል። በመኪና ላይ የሚተከለው ትልቁ ዐይነት ከ15,000 ዶላር በላይ ነው። ውሃና አቧራ ለመምጠጥ የሚያገለግለው ቀላል መምጠጫ ግን ከ100 እስከ 300 ዶላር ይገኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለምሳሌ 2,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና በ57 ብር ሲመነዘር 114,000 ብር ነበር፤ በ120 ብር ቢመነዘር ግን 240,000 ብር ይሆናል። የማጓጓዣው፣ የጉምሩክ ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተቈጠረም። ይህን ሁሉ በግማሽ ዋጋ ብንገምተው መኪናው 360,000 ብር ላይ ይደርሳል።

አሁን ሒሳቡን በቀን እንቍጠረው። መኪናው በዓመት 250 ቀን፣ በሦስት ዓመትም 750 ቀን ቢሠራ፣ 360,000 ብር ለ750 ሲካፈል በቀን 480 ብር ይሆናል። በቀን አራት ምንጣፍ የሚያጥብ ሰው በእያንዳንዱ ላይ 120 ብር፣ ስምንት የሚያጥብ ደግሞ 60 ብር ለመኪናው ብቻ መያዝ አለበት ማለት ነው። ሥራው ለቀዘቀዘበት ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው አንድ መኪና በጋራ ቢገዙ ይሻላል እንላለን።

ቀላሉን መምጠጫ ግን እንመልከት። 200 ዶላር በ120 ብር 24,000 ብር ነው፤ ከነ ቀረጡና ከነ ማጓጓዣው በዚያው ስሌት 36,000 ብር ቢሆን፣ ለ750 ቀን ሲካፈል በቀን 48 ብር ብቻ ነው። የታጠበውን ምንጣፍ ውሃ ለመሳብ፣ አስቀድሞም ደረቁን አቧራ ለማውጣት ይኸው አንድ ዕቃ ያገለግላል። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ውሃ የሚረጨውን ሳይሆን ውሃ የሚያወጣውን መሣሪያ ይሁን የምንለው ስለዚህ ነው። ውሃ ለመርጨት ጎማና ባልዲ ይበቃል፤ ውሃ ለማውጣት ግን እጅ ብቻውን አይበቃም።

ውሃም ራሱ ዋጋ አለው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚረጭ መኪና ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 300 ሊትር ይፈጃል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ይላል፤ እንግዲህ ለአንድ ምንጣፍ የፈሰሰው ከሦስት እስከ ስድስት ሰው የሚበቃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ከእጥበት የሚወጣው እድፍም ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲለቀቅ በየጅረቱ አድርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ በዚያው ውሃ ያጠጣሉ። ስለዚህ አሸዋውንና ክሩን የሚያስቀር ማጥለያ ጕድጓድ ሳይቈፍሩ የማጠቢያ ስፍራ መክፈት አይገባም።

ስለ አጣቢው ጤና

የምንጣፉን ባለቤት ጤና ስናስብ አጣቢውን መርሳት ነውር ነው። በጐበኘናቸው ስፍራዎች ባዶ እግራቸውን በውሃ ውስጥ ቆመው የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዙ ልጆች አይተናል። 220 ቮልት ኃይል ባለበት፣ ወለሉም ውሃ ባቈረበት ስፍራ ይህ ሞትን መጥራት ነው። የጐማ ቦት ጫማ፣ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት፣ ኃይል ሲያመልጥ ፈጥኖ የሚቈርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ሊገዙ ይገባል።

በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ሳንባን ይጐዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ይህ ብቻ አይደለም፤ በረኪና የበግ ጠጕር ምንጣፍን ክር ይበላል፣ ቀለሙንም ያጠፋል። እድፍ ለማስለቀቅ ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ፤ ቤንዚን ከኤሌክትሪክ መኪና አጠገብ እሳት ነው። በኃይል የሚረጨውም ውሃ ወደ እጅ ወይም ወደ እግር ቢዞር ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

በዓልና ዝናብ

በአገራችን ምንጣፍ የሚታጠበው ከሁሉ ይልቅ ለእንቍጣጣሽ ነው። ነሐሴና ጳጕሜን ሲደርሱ በየማጠቢያው ሰልፍ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ወቅት ሰማዩ ያልጠራበት፣ አየሩም በእርጥበት የተሞላበት ነው፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ለዚህ ነው። በሥራው ብዛት የሚቻኰለው አጣቢ፣ በፀሐይ ማጣት የማይደርቀው ምንጣፍ፣ ለበዓል የሚጣደፈው ባለቤትም በአንድነት ሲገናኙ፣ በቤታችን የደረሰው ነገር በብዙ ቤት ይደርሳል።

ምክራችን ይህ ነው። ለአዲሱ ዓመት ምንጣፉን ከሁለቱም ወገን አስመጥጡ፣ እድፉን በጨርቅ አስለቅቁ፤ ሙሉውን እጥበት ግን መስቀል አልፎ የጥቅምት ፀሐይ እስኪወጣ አቈዩት። የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ያለ ዋጋ የተሰጠን መሣሪያ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማድረቂያ በብዙ ሺህ ዶላር አይገኝም። የበግ ጠጕር ምንጣፍ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ነፋስ በሚነካው ጥላ ውስጥ ይሰቀል።

በቤት የሚታረመውን እድፍ በተመለከተ ጥቂት እንጨምር። የፈሰሰ ነገር ሁሉ ይጠጣል እንጂ አይታሽም፤ ነጭ ጨርቅ ተጭኖበት ከዳር ወደ መካከል ይነሣል። ደምና ወተት በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይነኩም፤ ሙቀት ያረጋቸዋልና። ወጥና ቅቤ ጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ይፈልጋሉ። የጧፍ ጠብታ በበረዶ ጠጥሮ ይፋቃል፤ በካውያ ማቅለጥ ግን ከፕላስቲክ ክር ለተሠራ ምንጣፍ አደገኛ ነው፤ ክሩ አብሮ ይቀልጣልና።

ሲረከቡ የሚደረግ ምርመራ

በመጨረሻ ለቤት ባለቤቶች ሦስት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ፤ ምንጣፉ ሲመጣ ሳይነጠፍ ተገልብጦ ይታይ። በመካከሉና በአራቱም ጠርዝ ነጭ ሶፍት ተጭኖ በእግር ይረገጥ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ምንጣፉ አልታጠበም ማለት ነው፤ ይመለስ።

2ኛ፤ ከመስጠታችሁ በፊት አጣቢውን፣ "በምን ትስበዋለህ? የት ታደርቀዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። በርካሽ ዋጋ ከሚያጥበው ይልቅ በሚገባ የሚያደርቀውን ምረጡ፤ ለዚህም የሚጨመረው ጥቂት ብር ከመድኃኒት ዋጋ ያንሳል።

3ኛ፤ አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት ክፍል ወፍራም ምንጣፍ አታንጥፉ። በውጭ አገር በተማርንበት ሆስፒታል ለምን በሕሙማን ክፍል ምንጣፍ እንደሌለ ብንጠይቅ፣ በየቀኑ በውሃ ታጥቦ በሰዓቱ ሊደርቅ የማይችል ነገር ከበሽተኛ አጠገብ አይነጠፍም ብለው ነግረውናል።

የእኛ ሳሎን ዛሬ ቀላል ምንጣፍ አለበት፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይራገፋል፣ ይሰጣልም። ልጃችንም ጠርዙን ይዛ ማራገፉን ታግዘናለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንባቢዎቻችንም የየቤታቸውን ምንጣፍ ዛሬውኑ ጠርዙን አንሥተው ጀርባውን ይመልከቱ።